ዜናሁ ለዴልመር ስኮገን፣ የእናታችንን ጄሎ በሐምሌ ሐሩር እንዳሻገረ

ዴልመር ስኮገን በጡረታ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም የሣር ማጨጃው ከወደቀበት ዘመን ማግስት፣ ቀኝ ጉልበቱ በሐኪም እጅ ከተጠገነ በኋላ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ በቆሎው የሰው ትከሻ ባለፈበት ሰሞን ይህ ሆነ። እኔም ኦርሊን፣ የሚስቱ ወንድም፣ ሌላ የሚሾመኝ ሰው ስላልተገኘ በገዛ ፈቃዴ የተሾምሁ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ያየሁትን ጻፍሁ፤ በኋላ ወንበር ተኝቼ ያመለጠኝንም ከእኅቴ ጠይቄ ጻፍሁ። ስሙ የገነነ፣ ዐቃቤ ጋዝ፣ ሊቀ ሶኬት፣ መፍቀሬ ውሃ ልክ፣ ከአንዲት ቀን በቀር ባትሪ ያላለቀበት ዴልመር የሠራው ሥራ ተረስቶ እንዳይቀር፣ ሐሜተኞችም ነገሩን አጣምመው እንዳያወሩት እነሆ ቃሌን እሰጣለሁ።

ግዛቱ በመኪና የምትጎተት አንዲት ቤት ነበረች፤ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት፣ ዝናብ ሲዘንብም በአንድ ጥግ የምታፈስ። በዚህች ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በስተቀኝ፣ ማቀዝቀዣው ይኖራል። ይህ ማቀዝቀዣ እንደ ሞልቃቃ መኰንን ሦስት ዓይነት ቀለብ ይበላል፤ መብራት ባለበት ሰፈር ሲያርፍ በገመድ ይቀለባል፤ ሜዳ ላይ ሲያድር የጋዝ ነበልባል ይለኰስለታል፤ በመንገድ ላይ ሳለ ደግሞ ከባትሪ ይጠጣል። ዘመም ብሎ ከቆመ ግን ሦስቱንም ቢያቀርቡለት አይሠራም፤ በደም ሥሩ የሚዞረው ፈሳሽ በአንድ ወገን ይተኛበታልና። ዴልመርም ይህን ሁሉ መርምሮ፣ ቤተ ሰቡን በተጎታቹ ደጃፍ ሰብስቦ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስሙኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋዙ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ለኩሶ ነው የሚነዳው አትበሉኝ፤ ሰው ሁሉ ጅል ቢሆን እኔን ምን አገባኝ? የሚነድ እሳት ከኋላዬ እየጎተትኩ ነዳጅ ማደያ አልገባም። አለቀ።»

ሠራዊቱም ይህ ነበር። ፊታውራሪው ስኪፐር የተባለው ውሻ ነው፤ ጆሮውን በመስኮት አውጥቶ ግንባር ግንባሩን የሚሄድ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ከአልጋ ሥር የሚሰፍር። ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ሁለት ሳንቃዎች ናቸው፤ መሬቱ ያዘነበለ ሲሆን ከጎማው ሥር እየገቡ ቤቲቱን ቀጥ የሚያደርጉ፣ ሁሉ የሚረግጣቸው፣ ማንም የማያመሰግናቸው። መሀል ሰፈሩን የያዘው ውሃ ልክ ነው፤ አረፋው መሀል ላይ ካልቆመ ዴልመር ቡና አይጠጣም። ደጀኑ እኔ ነኝ። የጓዳው ሥልጣን ሁሉ ግን የእቴጌ ማርሊስ ነበር፤ እርሷም የዴልመር ሚስት፣ የእኔም ታላቅ እኅት፣ በቃሏ ቤቱ የሚቆም፣ በዝምታዋ የሚናወጥ።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ የእናታችን የሶልቬግ ዘመድ ሁሉ፣ ከምንኖርበት ከዳኮታ በስተ ምሥራቅ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱም ቤት አንድ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ የምግቡንም ሹመት የሚሽር ሞት ብቻ ነው። ድንች ያመጣ ሰው ድንች እንዳመጣ ይቀበራል። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ጄሎ የሚባለውን እንደ እርጎ የሚረጋ ጣፋጭ ታመጣ ነበር፤ ከጓሮዋ እንጆሪ የተሠራ፣ በመዳብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በብርድ የረጋ፣ ሳህን ላይ ሲገለበጥ እንደ ቀይ ግንብ የሚቆም፣ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ግን ሁለንተናው የሚንቀጠቀጥ። በጥር ወር እናታችን ዐረፈች። ቤቷ ተሸጠ፤ የገዙትም ሰዎች የእንጆሪውን ቁጥቋጦ ነቅለው መኪና ማቆሚያ አደረጉት። በበረዶ ሣጥኗ ውስጥ ከታች ግን በገዛ እጇ የለቀመችው እንጆሪ አንድ ከረጢት ተገኘ፤ ከዚያ ሌላ በዓለም ላይ የለም። ማርሊስ ከረጢቱን አቅፋ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሐምሌ በደረሰም ጊዜ ተነሥታ ጄሎዋን ሠራች።

ይህን የሰማች ቨርና፣ የአጎታችን ልጅ፣ የሐይቁ ዳር ባላባት፣ በስልክ ሸፈተች። በእኛ አገር ጦርነት የሚታወጀው በደግነት ስለሆነ አዋጇ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ማርሊስዬ፣ በዚህ ሙቀት ከዳኮታ ድረስ ጄሎ ይዤ ልምጣ ብለሽ እንዳትቸገሪ። መቼም ቀልጦ ነው የሚደርሰው። እኔ ከሱቅ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ከዘንድሮ ጀምሮም በእኔ በኩል ይሁን፤ አንቺ በቃ ወንበር ይዘሽ ነይ።»

ወንበር ይዘሽ ነይ መባል በዘመዶቻችን መካከል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ በአጭሩ ከሹመት መሻር ነው። ማርሊስ ስልኩን ዘጋች፤ ባሏን አየችው፤ ባሏም ነገሩ ገብቶት ውሃ ልኩን አነሣ።

በዘመቻው ዋዜማ ማቀዝቀዣውን ከቤቱ መብራት ጋር አገናኝቶ ቀኑን ሙሉ አቀዘቀዘው፤ ሳይቀዘቅዝ መንገድ መውጣት ያልበላ ፈረስ ይዞ እንደ መዝመት ነው ብሏልና። ጄሎዋም ከነቅርጽ ማውጫዋ በፎጣ ተደግፋ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ማለዳ ገመዱ ተነቀለ፤ የጋዙ ቧንቧ ተዘጋ፤ ማቀዝቀዣው ከባትሪ እንዲጠጣ ተደረገ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ፊታውራሪው ጮኸ፤ እኛም ወደ ምሥራቅ ተጓዝን።

ከሚዙሪ ወንዝ ወዲህ ነዳጅ ማደያ በደረስን ጊዜ ዴልመር ከመግቢያው ላይ ቆሞ ወረደ፤ ጋዙ መዘጋቱን በእጁ ዳሰሰ፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ፤ ተመልሶ ሊገባ ሲል ተጠራጠረና ደግሞ ዳሰሰ። ከኋላው መኪኖች ተሰለፉ። ጥሩምባ መንፋት በአገራችን ነውር ነውና እያንዳንዱ ሾፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብቻ አንሥቶ ሰላምታ እየሰጠ ጠበቀ፤ በልባቸው ምን እንዳሉ ግን አምላክ ይወቀው። ማርሊስ ጠዋት መዘጋቱን አስታወሰችው። እርሱም ጠዋት የተዘጋ ለጠዋት ነው ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ዳሰሰ።

ከወንዙ ማዶ ሐርላን የሚባል የዴልመር የልጅነት ወዳጅ ይኖራል፤ በደጁ አልፎ ሳይገቡ መሄድ አይቻልም። ገባን። ዴልመር ሐርላንን ሰላም ሳይል በፊት ሳንቃዎቹን ከጎማው ሥር አስገባ፤ አረፋው መሀል ቆመ፤ ጋዙ ተለኰሰ፤ ማቀዝቀዣውም በሰላም መብላት ጀመረ። የሐርላን ሚስት ሩባርብ ከሚባል ኮምጣጣ ተክል የተጋገረ ፓይ አቀረበችልን፤ እኛም እንደ ደንቡ ጠግበናል አልን፤ ደግማ አቀረበች፤ አይ እንዳትቸገሪ አልን፤ በሦስተኛው ካላስቸገርንሽ ትንሽ ብለን ጨርሰን በላነው። ከዚህ በኋላ ዴልመር ሁለት ጉልበቶቹን በሁለት እጁ መታ አደረገና «በሉ እንግዲህ» አለ።

ወዲያውም ወጥቶ ጋዙን ዘጋ፤ ማቀዝቀዣውን ወደ ባትሪ መለሰ፤ ሳንቃዎቹን አነሣ። ሁሉም እንደ ሕጉ ሆነ። ሕጉ ግን የተሠራው በሉ እንግዲህ ያለ ሰው ይሄዳል ተብሎ ነበር። የእኛ ሰው በሉ እንግዲህ ሲል ስንብቱ ገና መጀመሩ ነው። በመጀመሪያ ገበታው ላይ ተሰናበትን፤ ይህም አንድ ጀበና ቡና ጨረሰ። ቀጥሎ በራፉ ላይ ተሰናበትን፤ በዚያም የሐርላን የዳሌ ሕመም ከመነሻው እስከ መድረሻው ተነገረ። ሦስተኛው ስንብት ግቢው ውስጥ ሆነ፤ አዲሱ መጋዘን ተጎበኘ፤ ቲማቲሙም ተመረመረ። አራተኛው በመኪናው መስኮት ነበር፤ ሐርላን ክንዱን በመስኮቱ ላይ አስደግፎ መንገድ ላይ አጋዘን እንድንጠነቀቅ መከረን፤ ከዚያም አጋዘን የገጩ ሰዎችን ታሪክ በስም በስማቸው ጀመረ። ሰው ክንዱን መስኮትህ ላይ አስደግፎ እያወራ ሞተር ማስነሣት እንደ መሳደብ ነው። ስለዚህ ዴልመር ቁልፉን በጣቱ ይዞ፣ ሳያዞረው፣ እህ እያለ ሰማ። ፀሐይ ከራሳችን ላይ ተነሥታ ወደ ምዕራብ ዘመም አለች፤ ማቀዝቀዣውም ከቆመ መኪና ባትሪ ያለ ከልካይ ሲጠጣ ቆየ።

ቁልፉ በዞረ ጊዜ መኪናው አንድ ጊዜ እንደ መሳል አለና ዝም አለ።

የመኪናውም የተጎታቹም ባትሪ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ናቸውና ሁለቱም አብረው ደረቁ። ጋዙን እንለኩስ ቢባል፣ ነበልባሉን የምታስነሣው ብልጭታ ራሷ የምትኖረው በባትሪው ነው። እኔ ክብሪት አቀረብሁ፤ ዴልመርም የክብሪት ሳጥኔን ወስዶ ወደ በቆሎው ወረወረው። ሐርላንም በኀፍረት እየተጣደፈ ከመጋዘኑ ገመድ አመጣ፤ ለገና ዛፍ መብራት የሚሆን ቀጭን አረንጓዴ ገመድ ነበር፤ በዚህም ከቤቱ ሶኬት ተገናኘን። ማቀዝቀዣው አንዴ አጉረመረመና መሥራት ጀመረ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ፤ ስኪፐርም ጅራቱን ቆላ።

ዴልመር ብቻ ደስ አላለውም። ተንበርክኮ ገመዱን በመዳፉ ያዘ፤ ቆየ፤ ከዚያም ነቀለው። በዚህ ጊዜ ማርሊስ ከተጎታቹ ደረጃ ላይ ሆና ተናገረች፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም፤ ይህም ከፍ ከማድረጉ ይብሳል፦

«እማዬ በእጇ የለቀመችው ነው፣ ዴልመር። ሌላ የለም። ሰካው በቃ።»

እርሱም ከመሬት ሳይነሣ መለሰ፦

«ግሏል፣ ማርሊስ። ባዶ ባትሪ ሁለት እየሞላ፣ ፍሪጅ እየነዳ፣ ይሄ ክር አይችልም። ቤቱ ከነደደ ጄሎውም አብሮ ነው የሚነደው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሺ፣ እስክሞት ንገሪኝ፤ ግን አልሰካውም። በሩን ማንም እንዳይከፍት። የያዘውን ብርድ ይያዝ።»

ማርሊስ ወደ ውስጥ ገባች፤ ጀርባዋን ለማቀዝቀዣው በር ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እልፍኝ አስከልካይ እርሷ ሆነች። እኔ ጄሎዋ ደኅና መሆኗን አንድ ጊዜ ጨረፍ አድርጌ ልይ ብዬ ብጠይቅ በዓይኗ ብቻ አስወጣችኝ። የሐርላን ሚስት በረዶ እናስገባ አለች፤ ለማስገባት መክፈት ያስፈልጋልና እርሷም ተመለሰች። ባትሪ የሚያስነሣልን ትራክተር ደግሞ ከእርሻው ማዶ ነበር፤ ሐርላንም በሚያመው ዳሌው እያነከሰ ሊያመጣው ሄደ።

ዴልመር ሸራ ፈልጎ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ በኩል ዘረጋ፤ የማቀዝቀዣው መተንፈሻ እንዳይሸፈን ሁለት ጊዜ አስተካከለው። የሚሠራው ሲያጣ ከተጎታቹ ኋላ ሄዶ በቆሎውን እያየ ቆመ። የጀግና ትከሻ ወርዶ ማየት ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ነው። አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ፤ አብረን በቆሎውን አየን፤ በእኛ ወንዶች ዘንድ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ትራክተሩ መጣ። ገመድ ከባትሪ ወደ ባትሪ ተዘረጋ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ማርሊስም ከማቀዝቀዣው በር ተነሥታ ከባሏ ጎን ገባች። ሐርላንም ደስ ብሎት፣ ላቡን እየጠረገ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ ሊያሳርፍ መጣ፤ አፉንም ስለ አንድ ሌላ አጋዘን ሊናገር ከፈተ። እዚህ ላይ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል። ከአባቶቻችን ጀምሮ ያልተደረገ ነገር፣ ሽማግሌዎች የማያስታውሱት፣ በየትኛውም አውራጃ ያልተሰማ ነገር ሆነ። ዴልመር ማርሹን አስገባ፤ መኪናዋም መንከባለል ጀመረች፤ እርሱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አወጀ፦

«ሐርላን፣ ይቅር በለኝ፤ ሄጃለሁ!»

ሄደም። ስንብቱን ሳይጨርስ ሄደ። እጅ ሳያውለበልብ፣ የግቢው ጠርዝ ላይ ሳይቆም፣ የረሳነው ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ሳይመለስ፣ በእንግድነት ከገባበት ቤት እንደ ቀስት ወጣ። ወደ ኋላ ብመለከት ሐርላን ክንዱን በአየር ላይ እንዳስደገፈ ቆሞ ነበር። ማርሊስ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። ሌሎች ጀግኖች ምሽግ ሰብረዋል፤ ይህን የስንብት ደንብ መስበር ግን ከማን እጅ ወጥቶ ያውቃል?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቁ ዳር ደረስን። ዘመድ ሁሉ በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ቨርናም የሱቅ ጄሎዋን በላስቲክ ሳህን አድርጋ ገበታው መሀል፣ የእናታችን ቦታ ላይ አኑራለች። እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ አለመቅለጣችሁ ራሱ ተአምር ነው አለችን። ማርሊስ በሩን ልትከፍት ስትል ዴልመር እጁን ዘረጋና ከለከላት፤ መሬቱ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነበርና። ዘመዶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ሲያዩ ቀኝ አዝማች ገባ፤ ወጣ፤ ግራ አዝማች ገባ፤ አረፋው ሄደ፤ ተመለሰ፤ መሀል ቆመ። የራሱን ወፍራም ገመድ አውጥቶ ከሰፈሩ መብራት ጋር አገናኘ፤ ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚህም በኋላ ለእኅቴ ራሱን ነቀነቀላት።

በሩ ተከፈተ። ማርሊስ ቅርጽ ማውጫውን በሁለት እጇ አውጥታ ገበታው ላይ አመጣች፤ ሳህን ደፋችበት፤ ገለበጠችው፤ መዳቡን በዝግታ አነሣችው። ጄሎዋ ቆመች። እግሯ ላይ ጥቂት ለስልሳ፣ ወደ ሐይቁ ትንሽ አዘንብላ፣ በምትጠልቀው ፀሐይ ውስጧ እየበራ፣ እንጆሪዎቹም አንድ በአንድ እየታዩ፣ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልወደቀችም።

ቨርና ጠጋ ብላ ብዙ አየቻት። ሁላችን አዋጅ ጠበቅን። እርሷም ድምፅዋ ተለውጦ እንዲህ አለች፦

«ዘመም ብላለች። የአክስቴም ሁልጊዜ ዘመም ትል ነበር።»

ይህን ብላ የሱቁን ጄሎ ከመሀል አነሣችና ዳር፣ ከድንቹ ኋላ አስቀመጠችው። ሽፍትነቷም በዚሁ አበቃ።

ከዚያ ተበላ። በእኛ ወገን የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሣ ሰው ስለሌለ፣ የቀረችው ለሁለት ተከፈለች፤ ግማሿ ተበላ፤ የቀረችው ደግሞ ለሁለት ተከፈለች፤ እንዲህ እየተከፈለች አንዲት እንጆሪ በትንሽ ቀይ ተከባ ሳህኑ ላይ ቀረች። ቨርና ለማርሊስ ገፋችው፤ ማርሊስ ለዴልመር፤ ዴልመር በቃኝ ብሎ ገመዱን ሊዳስስ ሄደ። ሳህኑ ወደ እኔ መጣ። እኔም አይሆንም አልሁ፤ ደግሜም አይሆንም አልሁ። በሦስተኛው እሺ ማለት ደንብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከበላኋት የለችም፤ ስለዚህ በሦስተኛውም አይሆንም አልሁ።

ማርሊስ ማንኪያውን አነሣች። «ኦርሊን» አለች፣ «አንተ እኮ ጥር ላይ አላለቀስክም። አፍህን ክፈት።» አጎረሰችኝም።

ይህን ታሪክ ስጀምር ሶልቬግ እናታችን ናት ብዬ ጻፍሁ እንጂ እናቴ ናት ብዬ አልጻፍሁም። እናቴ ናት። እጇን ቀመስሁት፤ በብርድ፣ ሳይለወጥ፣ ጓሮዋ ሲሸት። ያን ጊዜ በዘመዶቼ ሁሉ ፊት አለቀስሁ፤ ማንም አላየሁም እንዲል ሁሉም ሐይቁን ማየት ጀመረ።

እንግዲህ ይነገርለት ለዴልመር ስኮገን፣ ለኃያሉ፣ ለጥንቁቁ፣ እሳትን ለከለከለ፣ የጋለ ገመድ ለነቀለ፣ ሚስቱ እየለመነችው እንኳ በሕጉ ለጸና፣ ወዳጁን ሳይሰናበት ለሄደ። አገር ያቀኑ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ ግንብ የሠሩም አሉ፤ የሞተች እናትን ጣዕም በተዘጋ በር ውስጥ ይዞ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ከዳኮታ እስከ ሚኒሶታ ያደረሰ ግን እርሱ ነው። ዕድሜው ይርዘም፤ ባትሪው ይሙላ፤ እኔም በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሳንቃውን እሸከምለታለሁ።